የመግቢያ ደረጃ የቅንጦት ሴዳን መግዛት ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ሊገዙ ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

«የመግቢያ ደረጃ የቅንጦት ሴዳን» የሚባለው የትኛው ነው?

የቅንጦት መኪና የሚሠራ ድርጅት ካሉት ሴዳኖች በመጠንም በዋጋም ዝቅ ካሉት የሚመደበው ነው። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ መርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ኦዲ ኤ4 (እ.ኤ.አ. በ2024 ኤ5 ተክቶታል)፣ ሌክሰስ አይኤስ፣ ቮልቮ ኤስ60 እና ጀነሲስ ጂ70 በዚህ ተርታ ይመደባሉ። ከእነሱም ዝቅ ያሉ አሉ፦ መርሴዲስ ሲኤልኤ፣ ኦዲ ኤ3 ሴዳን፣ ቢኤምደብሊው 2 ሲሪስ ግራን ኩፔ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። 3 ሲሪስ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። መርሴዲስ በ1982 ትንሹን 190 ሲያወጣ ሰው «ቤቢ ቤንዝ» ብሎ ጠራው። ተተኪው በ1993 ሲ ክላስ ተባለ። እነዚህ መኪኖች ዝናቸውን ያገኙት መጠናቸው አንሶ አነዳዳቸው እንደ ታላላቆቻቸው ስለነበረ ነው። ዛሬም አንድን መኪና የምመዝነው በዚሁ ነው።

ከተራ መኪና የሚለየው በአርማው ብቻ ነው?

አይደለም። ግን ልዩነቱ ብዙ ሰው የሚፈልገው ቦታ ላይ የለም። ትልቅ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራ፣ ክሩዝ ኮንትሮል፣ የሚሞቅ ወንበር፦ ዛሬ እነዚህ ሁሉ ተራ መኪና ላይም ይገኛሉ። በስክሪን ተማርኮ ብቻ የቅንጦት መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው አውጥቷል።

ልዩነቱ ያለው ዓይን የማያየው ቦታ ነው። በብዙዎቹ ላይ የፊት በር መስታወት ድርብ ነው፤ በመካከሉ ድምፅ የሚያፍን ስስ ሽፋን አለ። የበሩ ማሸጊያ ጎማ ወፍራም ነው። የ3 ሲሪስ ሞተር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ መኪናውን የሚገፋውም የኋላ ጎማ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ ለእኩል የቀረበ ነው፤ የፊት ጎማዎች መኪናውን ከመጎተት ያርፉና መታጠፉ ላይ ብቻ ያተኩራሉ። መሪው እጅ ላይ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ወንበሩም እንደዚያው። አሥር ደቂቃ ተቀምጦበት ማንም አይለየውም። ሦስት ሰዓት ነድቶ ወገቡን ሳያመው የወረደ ሰው ግን ያውቀዋል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው። ረጅም መንገድ ነድቼ ስደርስ ለሰላምታም ለጨዋታም አቅም ይተርፈኛል።

ፉል ኦፕሽን የሆነ ተራ መኪና ይሻላል ወይስ ምንም ያልተጨመረበት የቅንጦት?

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት መኪናና «ከዚህ ዋጋ ይጀምራል» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ፎቶው ላይ ያለው ትልቅ ቸርኬ፣ የመስታወት ጣሪያ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና እውነተኛ ቆዳ ሁሉም ለብቻው የሚከፈልበት ነው። መነሻው መኪና ወንበሩ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። በነገራችን ላይ ሰው ሠራሽ ቆዳው መጥፎ አይደለም። በደንብ ይጸዳል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም።

ውሳኔው የሚወሰደው መኪናው የት ይውላል በሚለው ነው። ቀኑን በከተማ መጨናነቅ ውስጥ የምታሳልፉ፣ ከኋላ ሰው የምትጭኑ፣ አጭር አጭር መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ፉል ኦፕሽን የሆነው ተራ መኪና ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የሻንሲው (የመኪናው አጽም) ጥሩነት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቁ አይታወቅም። በየሳምንቱ ከከተማ የምትወጡ፣ መንዳት ራሱ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ግን ባዶውን የቅንጦት መኪና ውሰዱ። ጥሩ ሻንሲ በኋላ ተገዝቶ አይጨመርም። ሬዲዮ ይጨመራል።

ለቤተሰብ ይበቃል?

ለሁለት ትልልቅ ሰዎችና ለሁለት ልጆች፣ አዎ። ለአምስት፣ አይመችም። በኋላ ጎማ የሚገፉት ከወለላቸው መሃል ከፍ ያለ ጉብታ ስላላቸው መካከል ላይ የሚቀመጠው እግሩን ማድረጊያ ያጣል። ሲኤልኤና መሰሎቹ ደግሞ ጣሪያቸው ወደ ኋላ ስለሚወርድ ረጅም ሰው አንገቱን ይደፋል። የሕፃን ወንበር የምትጠቀሙ ከሆነ ወንበሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ ግጠሙት። ሻጩ ፊት ማፈር አያስፈልግም።

ከተራ መኪና ጋር መሠረቱን (ከሥሩ ያለውን አካል) የሚጋራው «እውነተኛ» የቅንጦት መኪና ነው?

ኦዲ ኤ3 መሠረቱን ከቮልስዋገን ጎልፍና ከስኮዳ ኦክታቪያ ጋር ይጋራል። ሌክሰስ ኢኤስ የቶዮታ ካምሪ ዘመድ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ተታለልኩ» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሌክሰስ ኢኤስ ለዓመታት ሳያስቸግር መሄዱ የተመሰገነው፣ ከሥሩ ያለው ነገር በብዙ ካምሪ ላይ ተፈትኖ ስላለፈ ጭምር ነው። የሚጋራ ዕቃ መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል።

ጥያቄው በመሠረቱ ላይ ምን ተሠራበት ነው። ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚመስል ታሪክ ያሳየናል። ካዲላክ በ1982 ሞዴል ሲማሮን የሚባል ትንሽ ሴዳን አወጣ። ሼቭሮሌ ካቫሊየር የሚባለው ተራ መኪና ነበር፤ ቆዳና አርማ ተጨምሮበት ዋጋው ከፍ አለ። ገዢው ወዲያው ነቃ። መኪናው በ1988 ተቋረጠ፤ የካዲላክ ስም ላይ የጣለው ጥላ ግን ከዚያ በኋላም ቆየ። ስለዚህ ዘመድ የሆነውን ተራ መኪና በዚያው ቀን ነድታችሁ አወዳድሩ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ የማትለዩት ከሆነ ርካሹን ግዙ።

ከተገዛ በኋላ ወጪው ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመኪናው ዋጋ ከዓመት ዓመት ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አይወርድም። ሰባት ዓመት ያገለገለ ሲ ክላስ በአዲስ ኮሮላ ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሲበላሽ የምትከፍሉት ግን የሲ ክላስን ነው።

ከነዳጅ እንጀምር። አብዛኞቹ ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ናቸው፤ ከፍ ያለ ኦክቴን (መንኳኳትን የመቋቋም መጠን) ያለው ቤንዚን ይፈልጋሉ። ስንት እንደሆነ በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ ያነሰ ስትቀዱ ሞተሩ መንኳኳቱን ሰንሰሩ ይሰማና ማቀጣጠያውን ያዘገየዋል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይበላል። ስለዚህ በርካሽ ቤንዚን ያተረፋችሁት ትርፍ አይደለም። ዘይቱም ሙሉ ሲንተቲክ፣ ያውም ፋብሪካው በቁጥር የጠቀሰው ዓይነት መሆን አለበት።

ጎማ ሌላው ነው። ብዙ ቢኤምደብሊው ስኮርት ጎማ የለውም። በምትኩ ራንፍላት የሚባል ጎንዮሹ የጠነከረ ጎማ ተገጥሞለታል። አየሩ ጨርሶ ቢወጣም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳታልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ውድ ነው፣ በመንገድም ይበልጥ ያንገጫግጫል። የፊት መብራቱ ኤልኢዲ ሲሆን አምፖል ቀይሮ መገላገል የለም፣ ብዙ ጊዜ መብራቱ በሙሉ ነው የሚቀየረው። የፊት መስታወት ተሰንጥቆ ቢቀየር ከኋላው ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት። በአንዳንዶቹ ላይ ባትሪ እንኳ ሲቀየር ለመኪናው ኮምፒውተር መነገር አለበት፤ ካልተነገረው አዲሱን ባትሪ እንደ አሮጌው ይሞላዋል። አንዳቸውም ለብቻቸው አያስደነግጡም። በአንድ ወር ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ኪስ የሚጎዳው።

ደመወዜ እንደሚችለው በምን አውቃለሁ?

ሒሳብ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ያምራል። እኔ የምመክረው ልምምድ ነው። መኪናውን ሳትገዙት ለስድስት ወር እንደገዛችሁት ሁኑ። የብድሩን ክፍያ፣ ኢንሹራንሱን፣ ነዳጁን፣ ለሰርቪስና ለብልሽት የሚቀመጠውን ደምሩና በየወሩ ደመወዝ እንደገባ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውሩት። ከኢንሹራንስ ድርጅት ዋጋ መጠየቅ ነጻ ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስድስቱ ወር ሳትነኩት ካለፈ ትችላላችሁ፤ ቅድመ ክፍያችሁም በዚያው አደገ። ሦስተኛው ወር ላይ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና ብላችሁ ከተበደራችሁት መልሱ ተገኝቷል፤ ያውም ምንም ሳትከስሩ። በዚህ መንገድ ሐሳባቸውን የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። ገፍተው የገዙም አሉ፤ እነሱ መኪናቸውን በሰላም ነው የሚነዱት።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

አዲስ የቅንጦት ሴዳን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል። በብዙ ገበያ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ማጣቱ የተለመደ ነው። ይህን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ይሸከመው። ሦስት ወይም አራት ዓመት የሆነው፣ የፋብሪካ ዋስትናው ያላለቀ ወይም በሻጩ የተራዘመለት፣ የሰርቪስ ታሪኩ የተሟላ መኪና ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ያገለገለ መኪና ዋጋው የማይወርድበት ገበያ ላይ ያላችሁ ግን ይህን ስሌት ተዉት። እዚያ በአዲስና ባገለገለ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ከሆነ አዲሱ ከነዋስትናው ይበልጣል።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልመርምር?

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ መስማት የመጀመሪያው ነው። ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። አንድ ሻጭ እኔ ስደርስ መኪናውን አስነስቶ ጠበቀኝ። ጸጥ ያለ፣ የሚያምር ሞተር ነበር። ገዝቼው በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳው ለጥቂት ሰከንድ የብረት መንኳኳት ሰማሁ። ታይሚንግ ካቴናው (የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያስኬደው ሰንሰለት) ላልቶ ነበር። አሁን ሄጄ ኮፈኑ የሞቀ መኪና ካገኘሁ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብዬ እወጣለሁ።

የታወቁ ድክመቶችን ቀድማችሁ እወቁ። ኤን20 የሚባለው፣ ከ2012 ጀምሮ በ320አይ እና 328አይ ላይ የነበረው የቢኤምደብሊው ሞተር፣ የካቴናው መሪ ፕላስቲክ እየተሰባበረ አስቸግሯል። ከ2009 እስከ 2011 አካባቢ የተሠሩ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ኦዲ ኤ4ዎች በፒስተን ቀለበታቸው ምክንያት ዘይት ይበላሉ። ከ2007 በኋላ በወጣው ሲ ክላስ ላይ ያለው ኤም271 ሞተርም የካቴና ችግር አለበት። ይህ ማለት አትግዙ ማለት አይደለም። ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ።

ካምቢዮውንም አትርሱ። የብዙ ቢኤምደብሊው ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ በሚባል ድርጅት ነው። ብዙ ሻጭ «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» ይላል። ዜድኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም በስምንት ዓመት ይቀየር ይላል። በመጨረሻ ያንን ብራንድ ዘወትር የሚሠራ መካኒክ በኮምፒውተር ያንብበው። የተነዳው ኪሎ ሜትር በብዙ መኪኖች ላይ ከዳሽቦርዱ ውጭ በሌሎች ክፍሎችም ይመዘገባል፤ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ቆጣሪው ሳይነካ አልቀረም። ሻጩ ምርመራውን እንቢ ካለ ክርክር አያስፈልግም፣ ሌላ መኪና ፈልጉ።

የጀርመን ይሻላል፣ የጃፓን፣ ወይስ የኮሪያ?

መንዳት የሚወድ ሰው ጀርመኖቹን ቢመርጥ አልፈርድበትም። አሥር ዓመት ሳይጨነቅ ልንዳው የሚል ሌክሰስን ይውሰድ፤ ውስጡ ዘመናዊነቱ ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ቢመስልም እምነት የሚጣልበት ነው። ጀነሲስ ጂ70 በ2017 የመጣ አዲስ ስም ነው፤ ለዋጋው ብዙ ይሰጣል፣ ሲሸጥ ግን እንደነባሮቹ አይፈለግም። ከሁሉ በላይ ግን አጠገባችሁ ያለው ጋራዥ የቱን ያውቃል? የሚሠራው የሌለ ጥሩ መኪና ቆሞ ይቀራል።

ትልቁን ሞተር ልውሰድ? ትልቁን ቸርኬስ?

መጀመሪያ ከኋላው የተጻፈውን ቁጥር አትመኑት። ድሮ 320 ማለት ባለ 2.0 ሊትር ነበር፤ ዛሬ 318አይም 320አይም 2.0 ሊትር ናቸው፣ የሚለያዩት በጉልበት ነው። በ2021 የወጣው ሲ200 ሞተሩ 1.5 ሊትር ነው። በብዙ የኦዲ መኪኖች ላይ የተጻፈው 35፣ 40፣ 45 ደግሞ ጉልበቱን በደረጃ ለመግለጽ እንጂ የሞተር መጠን አይደለም። ለዕለት ኑሮ ከታች ሁለተኛው ሞተር ይበቃል። የመጨረሻው ትንሹ ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ይደክማል።

ቸርኬ ላይ ግን አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ትንሹን ውሰዱ። ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። አንድ ወዳጄ ባለ 19 ኢንች ገዝቶ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎማው ፈነዳ፣ ቸርኬውም ተጣመመ። ባለ 17 ኢንቹ ያን ያህል አያምርም፤ ግን ይበልጥ ይመቻል፣ ጎማውም ይረክሳል። ለምቾት ብላችሁ የገዛችሁትን መኪና ለፎቶ ብላችሁ ምቾቱን አታሳጡት።

ኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ሳለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቅንጦት መኪና ለጸጥታና ለልስላሴ ብዙ ይደክም ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ይህን ከሞተሩ ተፈጥሮ ያገኘዋል። ከ2017 ጀምሮ ያለው ቴስላ ሞዴል 3 በፍጥነት ብዙዎቹን ይቀድማል። ቤታችሁ ቻርጅ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ሳትነዱት ቤንዚኑን አትግዙ። የማትችሉ ከሆነ ግን በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ፍለጋ መዞር የቅንጦት ኑሮ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጸጥ ያለ ሞተር ጥሩ ወንበርና ጥሩ የድምፅ መከላከያ አለ ማለት አይደለም። የጎማና የነፋስ ድምፅ እንዲያውም ይበልጥ ይሰማል።

በዚያው ዋጋ ያረጀውን ትልቁን፣ ኢ ክላስ ወይም 5 ሲሪስ፣ ብገዛስ?

ፈተናው ይገባኛል። ትልቁ መኪና ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ በአዲስ ትንሽ መኪና ዋጋ ደጃችሁ ይቆማል። ነገር ግን መኪናው ባደገ ቁጥር ሊበላሽ የሚችለው ነገርም ይበዛል። አንዳንዱ ኤር ሰስፔንሽን (በባሌስትራ ፈንታ መኪናውን የሚሸከም የአየር ከረጢት) አለው፤ አንድ ቀን ጠዋት ስትወጡ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጊዜ ያላችሁ፣ የምታምኑት መካኒክ ያላችሁ፣ ሌላ የምትሄዱበት መኪና ያላችሁ ከሆነ ግዙ፣ ትደሰቱበታላችሁ። ያለ እሱ ሥራ የማትገቡ ከሆነ ግን ትንሹንና አዲስ መሳዩን ምረጡ።

እውነቱን ለመናገር የምፈልገው ክብሩን ነው። ይሄ ስህተት ነው?

ስህተት አይደለም። ዓመታት ሠርታችሁ የሚያምር ነገር ብትመኙ ማንም ሊያሳፍራችሁ አይገባም። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ ፈገግ የሚያሰኝ መኪና ለኑሮ ይጨምራል፤ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። መኪናውን ገዝቶ ጎማው ሲያልቅ ያገለገለ ጎማ የሚፈልግ፣ የሞተር መብራት በርቶበት እንዳላየ የሚሄድ፣ የፍሬን ሸራው እያፏጨ ሰርቪሱን የሚያዘገይ ሰው አለ። ክብር ፈልጎ ፍርሃት ገዛ። ያ መኪና ለእሱም፣ አጠገቡ ለተቀመጠውም አደገኛ ነው። ስለዚህ ለክብር ከሆነ መግዣውንና አንድ ሙሉ የጎማ፣ የፍሬንና የትልቅ ሰርቪስ ወጪ አብራችሁ ያዙ። ሁለተኛው ከሌለ አንድ ዓመት ጠብቁ።

ሁሉንም አስቤ አሁንም መወሰን ካቃተኝስ?

ከሻጩ ጋር ሰፈር ዞሮ መመለስ ምንም አይነግራችሁም። መኪናውን ለአንድ ቀን ተከራዩት፤ እሱ ካልተገኘ ተመሳሳዩን። በየቀኑ በምትሄዱበት መንገድ፣ በተለመደው ሰዓት፣ ከኋላ ልጆቹን ጭናችሁ ንዱት። ማታ መብራቱን አብርታችሁ ጨለማ መንገድ ላይ ውጡ። በምታቆሙበት ጠባብ ቦታ አቁሙት። በማግስቱ ወደ ድሮው መኪናችሁ ግቡና ያንኑ መንገድ ድገሙት። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይናፍቃችኋል፤ የማንም ሰው ነገር ነው። ቤት ስትደርሱም ከናፈቃችሁ ግዙት።